«ዘርጋ» የሚለው ድምፅ

ረፊቃ መተማ ዮሐንስ ላይ ሳሙና፣ ጨውና የእጅ ባትሪ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ስትገበያይ ኖራ ለገበያ የሚበቃ ዐረብኛ ለምዳለች። ስለ ጂን ሲወራ «የሥራ ፈት ወሬ» ብላ የምትነሳ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ የጓንግ ወንዝ ሞልቶ በጎደለ ማግስት፣ አንዲት ግራጫ አህያ እስከ አንገቷ ማጥ ውስጥ ተቀርቅራ አገኘች። ረፊቃ ሰው ጠርታ፣ የትራክተር ገመድ አስመጥታ፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጎተተች። ስትወጣ ኮርቻዋ ሆዷ ሥር ዞሮ ነበር። ግቢዋ ውስጥ ክፍል የተከራየው መምህር አዛናው በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው።

ሦስት ሳምንት ገበያ ለገበያ ብታስጠይቅም «የኔ ናት» ያለ አልተገኘም። አህያዋ ግን ቲክቶክ ላይ ዝነኛ ሆነች። አዛናው ስልኩን ባነሳ ቁጥር መብላቷን ትታ ወደ ወንዙ ትዞራለች፤ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ ልክ እንደተጠራ ሰው። ተመልካቹ «አዳማጯ አህያ» ብሎ ስም አወጣላት። ፎቶ አብሯት ሊነሳ ከጎንደር ድረስ የመጣም ነበር።

አንድ ቀን አዛናው አስተያየቶቹን ሲያነብ ቆየና፣ «እትዬ ረፊቃ፣ ከኋላ የሚጣራው ሰውዬ ማነው እያሉ ነው» አላት።

«የምን ሰውዬ? ግቢ ውስጥ ስትቀርጽ እኔና አንተ ብቻ አይደለን?»

ከፍተው አዳመጡ። እውነትም አለ። ከሩቅ፣ ውሃ በሞላው ጉሮሮ፣ «ዘርጋ... ዘርጋ...» ይላል። ምኑ እንደሚዘረጋ ግን አይታወቅም። የመጀመሪያውን፣ ከማጡ ስትወጣ የተቀረጸውን ከፈቱ። እዚያም ከጎታቾቹ ጩኸት ሥር ይሰማል። ረፊቃ «ቢስሚላህ» አለች። አጠገባቸው የቆመችው አህያ ስልኩን ዞር ብላም አላየችው። ጆሮዋ ወደ ወንዙ ነበር።

በሳምንቱ ከሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ በዐረብኛ የድምፅ መልእክት ደረሳቸው።

«ሉባባ እባላለሁ። የሚጣራው አባቴ ዑበይዳ ነው። ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ እናንተ ሲሻገር ጠፋብን። ዘርጋ የአህያዋ ስም ነው፤ በእኛ አነጋገር ግራጫዋ ማለት ነው። ለአላህ ብላችሁ፣ አባቴ የት አለ?»

በማግስቱ ጠዋት ረፊቃ አዛናውንና ሁለት ፖሊሶችን አስከትላ ወንዙ ዳር ወረደች፤ አህያዋን ፈታ «ሂጂ» ብቻ አለቻት። አህያዋ ከማጡ ወደ ላይ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ተራምዳ፣ ጎርፍ የቆለለው እንጨት አጠገብ ቆመች። እንጨቱን ሲያነሱ ሰውዬው ከሥሩ ተገኘ። ቀኝ እጁ እንደተዘረጋ ነው።

ሐኪሙ ጎርፉ በመጣበት ዕለት፣ አህያዋ ከመውጣቷ በፊት እንደሞተ ነገራቸው። ረፊቃ ግን አልተጽናናችም። «ሁለት መቶ እርምጃ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ።

ከተቀበረ ወዲህ አህያዋ ስልክ ሲነሳ ቀና ማለት ተወች። ተመልካቹም ተበተነ።

መርዶው የደረሳት ሉባባ በጥር መጣች። አህያዋን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ የአባቷን ድምፅ እንዲያሰሟት ለመነች። አዛናው ከፈተላት። የሰው ጩኸት፣ ነፋስ፣ ውሃ፤ የሚጣራው ድምፅ ግን የለም። ሌላውን ከፈተ። እዚያም የለም። አንድ በአንድ ሁሉንም ሞከረ። ረፊቃ አቀርቅራ መሬት መሬቱን ታያለች።

ሉባባ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ዓይኗን ጨፍና ባዶውን ነፋስ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ድገሙልኝ» አለች።