ለአባባ የሚመች ወንበር

ከጅማ ልንወጣ በዋዜማው ማታ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው ቤታችን ልቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጧል። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘይነባ እናቴን አቅፈው በአማርኛ የጀመሩትን ምርቃት በኦሮምኛ ጨረሱት፤ «አላህ በሰላም ያግባችሁ፣ ነጋን ገላ» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ልቤ ያለው አውሮፕላን ወንበር ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜልበርን ከገባሁ ወዲህ ምኞቴ አንድ ነው፤ አባባንና እማዬን ወስጄ አብረን እንድንኖር። አባባ ግን ቁርጡን ነገሩኝ፤ «መጀመሪያ ለጥየቃ ልምጣና መንገዱን ልየው። ከቻልኩት እንኖራለን፤ ካልቻልኩት ከአገሬ አታንቀሳቅሺኝ።» መንገዱን የሚችለው ወይም የማይችለው ደግሞ ጉልበታቸው ነው። ግብርና ቢሮ ተቀጥረው በአጋሮና በጌራ የቡና ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ያለቀ ጉልበት ነው። ስለዚህ ልወስዳቸው መጥቼ ስለ ወንበር የማላጠናው ነገር አልነበረም። አባባ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ የትኛውን እግር እንደሚዘረጉ ሳይቀር ሰርቄ አይ ነበር።

እግር እንደ ልብ የሚዘረጋበት ወንበር አለ ሲሉኝ ቀድሜ ያዝኩት። ቦሌ ስንደርስ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የአባባን ከዘራ አየችና ፈገግ አለች።

«አባት፣ ይሄ ወንበር የአደጋ ጊዜ በር አጠገብ ነው። አደጋ ቢያጋጥም በሩን መክፈት ይችላሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው በር ስከፍት አይደል እንዴ የኖርኩት» አሉ አባባ። «ማን ሊመጣ ነው?»

ልጅቱ ስቃ ስታበቃ ወንበራችንን ቀየረችው። የተረፈው ከኋላ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው አለችን። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ፤ አባባ መተላለፊያው ዳር ሆነው እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው። አባባ ግን ጋቢና የለመዱ ሰው ናቸው። የጅማ አውቶቡስ ላይ ከኋላ የሚሄደው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። «ከኋላ?» አሉ።

እማዬ መስኮቱን ይዛ ጥያቄዋን ጀመረች። ክንፉ የማይርገበገበው ለምንድን ነው? ደመናው ላይ ዝናብ ይዘንባል? ምግቡ ሲመጣ አላመነችውም፤ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ ነሰነሰችበትና ለእኔም አካፈለችኝ። ጥሩ ሊሆን ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ከእራት በኋላ ሰው ወደ መጸዳጃ ቤቱ መጉረፍ ጀመረ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ በአጠገባችን ሲያልፍ አባባ የፊት ወንበሩን ይዘው ብድግ ለማለት ከጀሉ፤ «ኖር» አሉ። ሰውየው ጆሮ ማዳመጫውን እንዳደረገ አለፈ። ቀጥላ አንዲት ሴት መጣች፤ እንደገና «ኖር»። ያው ሰውዬ ሲመለስም «ኖር»። እግራቸውን የሚያፍታቱ መስሎኝ ነበር፤ ሲገባኝ ደነገጥኩ።

«አባባ፣ እዚህ ለማንም አይነሱ። ወደ ሽንት ቤት እኮ ነው የሚሄዱት።»

«ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው፣ ሰው አይደለም?»

ከእማዬ ጋር አቀያይሬ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳቸው። ያኔ ደግሞ ውኃ መጠጣት ተዉ። ሽንት ከመጣ እኔንና እማዬን ሊያስነሱ ነው፤ ያን አያደርጉትም። ስናርፍ ጉልበታቸው አብጦ ሱሪው ጠብቧቸው ነበር። ሜልበርን የገቡት በተሽከርካሪ ወንበር ነው።

ሦስት ወር ከእኔ ጋር ቆዩ። ከተማ ውስጥ የሚሄድ ትራም የሚባል ባቡር አለ። አባባ እሱም ላይ ለሚገባው ሰው ብድግ ይላሉ። አንዴ አንዲት ወጣት የለቀቁላት መስሏት ቦታቸው ላይ ዘፍ አለች፤ አባባም ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ደረሱ። ቢሆንም ሐኪሙ እብጠቱ ጎድሏል፣ ቀስ ብለው መብረር ይችላሉ አለኝ። ለመልሱ ጉዞ ከፊታቸው ግድግዳ ያለበት፣ ማንም የማያልፍበት ወንበር መረጥኩላቸው። በምርጫዬ ተማምኜ ነበር።

ጅማ በገቡ ማግስት ደወልኩ።

«ወንበሩስ ተመቸዎት አባባ?»

«ጥሩ ነው። ጉልበቴም ደህና ነው።»

«እንግዲያ መንገዱን ቻሉት ማለት ነው። ለመኖር ሲመጡም እሱኑ እይዝልዎታለሁ።»



«ልጄ፣ ጉልበቴ አይደለም» አሉ። «ለዚያ ሁሉ ሰው ‹ኖር› ስል አንድ እንኳ ‹በእግዜር› ያለኝ የለም። አንቺ ይህን እንዴት ቻልሽው?»

«ለመድኩት አባባ» አልኩ፣ ላጽናናቸው ብዬ።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አሉና ስልኩን ለእማዬ ሰጧት።