«ማማ» ማለት የተወችው አሻንጉሊት

ሰው ባጠፋው ጥፋት ሲገረፍ ያለቅስና ይረሳዋል። ባላጠፋው ከተገረፈ ግን አይረሳውም። እኔ በሰባት ዓመቴ የሰው አሻንጉሊት ሰበርሽ ተብዬ እግሬን በሳማ ተለብልቤያለሁ። አልሰበርኳትም። ይህንንም ከአርባ ዓመት በላይ ቦንጋ ውስጥ ለሰማኝም ላልሰማኝም ስናገር ኖሬያለሁ።

እናቴ በአንድ ባለርስት ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። የቤቱ ልጅ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አባቷ ወደ አገሯ ከምትመለስ ፈረንጅ ነርስ የገዙላት አሻንጉሊት ነበረቻት፤ ፊቷ እንደ ስኒ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያስተኟት ዓይኗን የምትጨፍን፣ ሆዷን ሲጫኗት «ማማ» የምትል። አንድ ቀን ቢጫኗት ዝም፣ ቢያገላብጧት ዝም አለች። በአጠገቧ የተገኘሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያኔ የምናገረው ካፊኖኖ ነው። አማርኛዬ «አዎ» እና «እሺ» ብቻ ነበር። እመቤቲቱ አቁመው ጠየቁኝ።

«አሻንጉሊቷን ነክተሻል?»

«አዎ።»

«ሰብረሻታል?»

«እሺ።»

ችሎቱ በዚሁ አበቃ። ሳማ ተቆረጠ።

ልጅቷ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ እዚሁ ቦንጋ ቀረች፤ እኔም። ርስቱ በአዋጅ ሄደ፣ ሁለት መንግሥት ወረደ፣ የእኔና የሷ ጉዳይ ግን እንዳለ ነበር። እድራችን አንድ ነው። «እትዬ» እላታለሁ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ብቻ ነው፤ በሌላ እንዳይመስላት ነግሬያታለሁ።

እጄ አሻንጉሊት ጥገና ውስጥ የገባው በንዴት ነው። በጽዳት በምሠራበት ሙዓለ ሕፃናት ከውጭ አገር ያገለገሉ መጫወቻዎች በካርቶን መጡ። ግማሾቹ እጅ የላቸውም፣ ግማሾቹ ፀጉር። ዳይሬክተሩ «ይቃጠሉ» አሉ። «እጅ የሌለው ሁሉ ይቃጠላል እንዴ?» ብዬ ካርቶኑን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ከማንኪራ በሚመጣ ሰም፣ በእንሰት ቃጫ፣ በበግ ጠጉርና በዋንዛ እንጨት እያበላሸሁ ተማርኩ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ከየሣጥናቸው ሥር የአያቶቻቸውን መጫወቻ እያወጡ ያመጡልኝ ጀመር። አንድ ዓይኗ የጠፋ ስትመጣልኝ ሁለቱንም እለውጣለሁ፤ አንዱ አዲስ ሆኖ ሌላው አሮጌ መሆኑ ትክክል አይደለም። አንድ የሺሺንዳ ነጋዴ «ደህናውን ዓይን ለምን አወጣሽው?» ብሎ ጮኾብኛል። ይጩህ።

በጥቃቅንና አነስተኛ ስመዘገብ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ ፎርም ይዞ ቤቴ መጣ።

«ዘርፉ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ጥገና።»

«የመኪና?»

«እጅ፣ እግር፣ ዓይን።»

ብዙ አሰበና «ጤና» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በዚያ ዓመት ስለ እጅ መታጠብ ሁለት ጊዜ ሠልጥኛለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ እትዬ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣች። ስትፈታው ያቺው አሻንጉሊት ናት። ፀጉሯ ሳስቷል፣ አፍንጫዋ ተፍቋል። እግሬን በላኝ።

«የልጅ ልጄ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ‹ማማ› ስትል ላሰማት እፈልጋለሁ» አለች። «አንቺ ያበላሸሽውን አንቺው ጠግኚው።»

«እጠግናለሁ። ዋጋዬ ግን ገንዘብ አይደለም። ይቅርታ ነው፤ በሰው ፊት።»

«ራስሽ ‹እሺ› ብለሽ ያመንሽውን?»

«እንግዲያው ሆዷ ይቀደድና ውስጧ ይመስክር!»

«ይቀደድ!» አለች። እልኸኛ ናት፤ ይህን አልነፍጋትም።

በማግስቱ ከእድር ስብሰባ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ቤቴ ገባን፤ የእድራችንን ዳኛና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። ዳኛው በመንግሥት ቢሮ ሲሠሩ ግምገማ ስለለመዱ ቆመው «አጀንዳው አንድ ነው» ብለው ከፈቱ።

የጀርባዋን ስፌት በምላጭ ተረተርኩ። መጀመሪያ ሰጋቱራ ወጣ። እግሮቿን ሳራግፍ ግን ጠረጴዛው ላይ ሌላ ነገር ተንኮሻኮሸ። መምህሩ መነጽራቸውን አስጠግተው አዩ።

«ኮሎ ነው» አሉ። «የገብስ። ሽምብራም አለበት።»

ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን። እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ርቧት ነበር» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ሽምብራ የገባበት ኮሎ በእናቴ ቤት አልነበረም» አልኩ። «ይመዝገብልኝ።»

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ዳኛው። «ድምፅ ያጠፋው ኮሎ ነው። እትዬ፣ ተነሡና ይቅርታ ይጠይቁ።»

እትዬ ጉልበቷን ይዛ ቀስ እያለች መነሣት ጀመረች። እኔ ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቤ አይቼዋለሁ! እጄ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅም፤ የድምፅ ሣጥኗን ከደረቷ አውጥቼ በመርፌ እጎረጉር ነበር። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህል ክብ ነገር ናት፤ ውስጧ ትንሽ የቆዳ ወናፍ፣ በወናፉ አፍ ላይ አየር ሲነካው የሚጮህ ቀጭን ምላስ አለ። ኮሎው እዚያ አልደረሰም። ምላሷ ሥር የተሰነቀረው ሌላ ነገር ነው። ነቀልኩትና መዳፌ ላይ ወደቀ።

የልጅ ጥርስ ነው። የወተት ጥርስ።

ምላሴ ሳላዘው የፊት ድዴን ዳሰሰ። ያኔ ትዝ አለኝ። የወለቀ ጥርስ አዲስ እንዲበቅል ጣሪያ ላይ ይወረወራል። የእኔ የመጀመሪያው ሲወልቅ ግን አሻንጉሊቷን አየኋት፤ አፏ የተከፈተ፣ ከላይ ሁለት ጥርስ ያላት፣ ከታች ባዶ። ለእኔ ሌላ ይበቅልልኛል፣ ለእሷስ ማን ያበቅልላታል ብዬ በጣቴ አፏ ውስጥ ሰካሁት። ገባና ጠፋ። እናቴን «ዋጥኩት» አልኳት። ሦስት ቀን ጎመን እያበላች ጓሮ ስትጠብቀው ሰነበተች። ያን የተዋጠ ጥርስ ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም ሳወራ ኖሬ እኔው ራሴ አምኜዋለሁ።

ማንም አላየም። መዳፌን ብጨብጥ ነገሩ አለቀ። እትዬ ቆማለች፣ ነጠላዋን አስተካክላለች።

«ይቅ...» አለች።

«ተቀመጪ!» አልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጥርሱ የኔ ነው።»

«የምን ጥርስ?» አሉ ዳኛው።

መዳፌን ዘረጋሁ። እትዬ ጥርሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ ሳቀች።

«አርባ ዓመት! በሠርግ፣ በለቅሶ! የልጄ ክርስትና ላይ እንኳ ‹አልሰበርኩም› እያልሽ!»

«ግለ ሂስ ያድርጉ» አሉኝ ዳኛው።

«አላደርግም። በሳማ ተለብልቤበታለሁ፣ ቅጣቱ ተፈጽሟል። በኮሎው ግን እስካሁን ማንም አልተገረፈበትም።»

«እሱስ እውነቷን ነው» አሉ መምህሩ። ዳኛው ስብሰባውን ያለ ውሳኔ በተኑት።

ሥራ ግን ሥራ ነው። አዲስ ወናፍ ከጠቦት ቆዳ፣ ምላሱን ከቀርከሃ ሠራሁላት፤ ሆዷን በቃጫ ሞላሁ፣ አፍንጫዋን በሰም መለስኩ። ረቡዕ እትዬ መጣችና ሆዷን ተጫነቻት። አሻንጉሊቷ «ማማ» አላለችም። አየሩ በቀርከሃው ጠርዝ እያፏጨ ወጣና «እ...ሺ» አለች።

እትዬ ደግማ ተጫነቻት።

«እሺ።»

«ምላሱን ትንሽ ላቅጥነው» አልኩ አፍሬ።

«ተዪው።» አልሳቀችም። አሻንጉሊቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዓይኖቿ ሲከደኑ አየች። «ያን ዕለት ከበሩ ኋላ ነበርኩ» አለች። «እማዬ ስትጠይቅሽ ምን እንደተባልሽ እንዳልገባሽ አውቄ ነበር። ካፊኖኖ እኔም እሰማ ነበር እኮ፤ ከናንተ ጋር አይደል ያደግኩት? ልንገራት ብል ሆዷን ከፍተው ኮሎውን ያገኙብኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

እኔ አርባ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ይህን ኖሯል።

«ይሄ በሰው ፊት መባል ነበረበት» አልኩ።

«ይኸው፣ እሷ ሰምታለች።»

«እሷማ ምን ምስክር ትሆናለች? ያሏትን ሁሉ እሺ ነው የምትለው።»

በቀጣዩ የእድር ስብሰባ እትዬ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ያንኑ ቃል ሳታጎድል ተናገረች። ስትጨርስ እኔም ከጎኗ ተነሥቼ የጥርሱን ነገር ተናገርኩ፤ የልጇ ክርስትና ላይ የተናገርኩት የቀረብኝ ዕዳ ነበረና። ሕዝቡ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

ጥርሱን ከቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ ወረወርኩት። የዘገየ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፤ አዲስ ይገባኛል። የፊት ጥርሶቼ ከወለቁ ቆይተዋልና እየጠበቅኩ ነው።