ጥላ የለመደችው

እማማ ዳሳሽ ሰው የሚያምኑት ፈትሸው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ያኔም በግማሽ ልባቸው። ስሙን ያወጡላቸው የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሴቶች ናቸው። በሴቶቹ መውጫ በር ላይ ቆመው፣ ከሥራ የምትወጣዋን ሁሉ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በመዳፋቸው ሲዳስሱ ነው የኖሩት። ከጡት መያዣ ውስጥ ዚፕ፣ ከፀጉር ውስጥ ክር አውጥተዋል። አንዲቱን እንዲያውም ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ ስታልፍ ሆዷን ነካ አድርገው «ይሄ ልጅ ቀለም ይለቃል» ብለው አንድ ጥቅል ጨርቅ አዋልደዋታል።

ጡረታ ሲወጡ በሩ ቀረ እንጂ እጃቸው ሥራ አልፈታም። ዳቦ ገዝተው ሲገቡ ገልብጠው ያዩታል። ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን ከባለፈው ኪኒን ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያስተያያሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋ አባባል ደግሞ ከአፋቸው አትጠፋም፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይሏታል።

የሚኖሩት በኪራይ ቤት፣ ከአንድ ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። ልጃቸው ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ ማታ ዝም ብሎ የሚበላ፣ ዝም ብሎ የሚተኛ ጭምት ሰው። ለእማማ እሱ የዓይናቸው ብሌን ነው። ምራታቸው መነጽር ቤት ትሠራለች። ትሁት፣ «እማማ ይቀመጡ፣ እማማ ይረፉ» የምትል፣ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አንቱታዋን ያላጓደለች ሴት ናት። ክፉ ብትሆን እማማ በተገላገሉ ነበር፤ ክፉ ሰው ይታወቃል። «ይሄ ሁሉ ደግነት ከላይ የተደረበ ነው፤ ከሥሩ ምን አለ?» እያሉ ሲያደቡባት ኖረው እስካሁን ምንም አላገኙባትም። ምንም አለማግኘታቸው ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራቸው።

ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በቤቱ ግድግዳና በጎረቤት የግንብ አጥር መካከል፣ ፀሐይ የማይደርስባት ጠባብ መሬት አለች። ሣር እንኳ ተጸይፏት ኖሯል። ምራት አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዋ ዘንድ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የጫማ ማሰሪያ የመሰለ ጥቁር ሥር ይዛ መጣችና እዚያች ቦታ ተከለችው። ድንጋዩን ለቅማ፣ የረገፈ ቅጠልና የድንች ልጣጭ አብስብሳ ከአፈሩ ጋር ደባልቃ፣ አጠጥታ ጠበቀች። አበባው ፀሐይ ሲበዛበት የሚጠወልግ፣ ጥላ ሲያገኝ ግን ከሰው ቁመት የሚስተካከል፣ አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ነው። አንድ ዐመል አለው፤ ቦታ እስኪለምድ ያኮርፋል። የመጀመሪያውን ዓመት አንዲት ቅጠል አውጥቶ ተቀመጠ፤ እሷም ደረቀች። ምራት ግን ማጠጣቷን አልተወችም።

እማማ በማድ ቤቱ መስኮት እያዩ ተብከነከኑ። ባዶ መሬት የምታጠጣ ሴት በዕድሜያቸው አላዩም። «የቀበረችው ነገር አለ» አሉ። ምራት ሥራ ስትሄድ የሾርባ ማንኪያ ይዘው ወጡና አፈሩን ጫር ጫር አደረጉት። ያገኙት ያንኑ ጥቁር ሥር ነው። ጎተት ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ተሰባበረ። ደንግጠው አፈር መለሱበትና እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ዝናቡ ሲመጣ ታዲያ ማንኪያው ባረፈበት ሁሉ ቡቃያ ብቅ ብቅ አለ። የዚህ አበባ ሥር በተሰበረ ቁጥር ይራባል። እማማ ግን ይህን የነገራቸው ስላልነበረ መሬቱ ራሱ እየመሰከረባቸው መሰላቸው፤ ለብዙ ቀን ወደ ጓሮ ዝር አላሉም።

አበባው ኩርፊያውን ከተወ በኋላ ጉድ አሰኘ። አገዳው ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቅጠሉ ከታች ሰፍቶ ተዘረጋ፤ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል መሐሉ ቢጫ የሆነ ነጭ አበባ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አውጥቶ በትንሹም ነፋስ ይወዛወዝ ጀመር። ምራት እንዳይሰበር ዱላ ተክላ በአሮጌ ሻሽ አሰረችው። የአማርኛ ስም ስላላወቁለት እሷና ባልደረባዋ «ረጅሟ» አሉት፤ ሰው የሚወደውን ነገር «እሷ» ማለት ይቀናው የለ? መሥሪያ ቤት ሲገናኙ «ረጅሟ እንዴት አደረች?» «ውሃ ጠምቷታል መሰለኝ» ይባባላሉ። ቤት ውስጥ ግን «አበባዬ» ነው የምትለው። ስለዚህ እማማ «ረጅሟ» የሚባል አበባ መኖሩን አያውቁም፤ እናንተ ግን ያዙልኝ። እማማ ዳሳሽ ራሳቸው በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሴት መሆናቸውንም አብራችሁ ያዙልኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ማድ ቤት ሩዝ ሲለቅሙ፣ ምራት ጓሮ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰሙ።

«ረጅሟን ምን እንደማደርጋት ጨንቆኛል» አለች ምራት። «አዲሱ ቤት ብንሄድ እንኳ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ። እሷ ደግሞ የለመደችው ጥላ ነው።»

የእማማ እጅ ሩዙ ላይ ቀረ።

«አይ፣ በዚህ ዕድሜዋ ከነቀልናትማ አታገግምም። ሥር ሰዳለች እኮ! እዚህ ጥያት ለመሄድ ደግሞ አንጀቴ አይችልም።» ከወዲያ የምትባለውን አዳመጠች። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ፤ ቅዳሜ እቆርጣታለሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እማማ ግን ጉዳቸውን በገዛ ጆሯቸው ሰሙ። አዲስ ቤት መኖሩን ሰሙ፤ እሳቸው እንደማይገቡበትም ሰሙ። ከሁሉ ያቃጠላቸው ግን «እሷ» የምትለዋ ቃል ናት። ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ ዞር ሲሉ «እሷ»! «አገኘሁሽ!» አሉ በሆዳቸው። ለአፍታ ደስታ ብጤ ተሰማቸው፤ ወዲያው ግን ፍርሃቱ መጣ። ከዚህ ቤት ከወጡ የት ይገባሉ? የቀረቻቸው ዘመድ የሟች ባላቸው እህት ብቻ ናት፤ ሁለቱ ደግሞ እሳትና ጭድ ናቸው። እዚያ ሄዶ የሰው ፊት እያዩ ከመኖር ሞት ይሻላቸዋል። ለልጃቸው ሊነግሩት አሰቡና አዘኑለት። ያ የዋህ ልጅ ይሄን ሁሉ ተንኮል ከየት ያውቀዋል?

ያን ቀን እራት ሲቀርብ ምራት የሰጠቻቸውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አድርገው የእሷን ወሰዱ። «ያንቺ ያነሰ መሰለኝ» አሉ። ምራት አመሰገነቻቸው። ልጃቸው ከሳህኑ ቀና ሳይል በላና ተነሣ። እማማም «አይ የኔ ልጅ፣ ሥራው አድክሞት» ብለው ሳህኑን አነሱለት።

በማግስቱ ቤቱ ባዶ ሲሆን ወደ ምራታቸው ክፍል ገቡ። እማማ ሲፈትሹ እጃቸው ወጣት ይሆናል። የትራሱን ስፌት፣ የኮቱን ገበር፣ የጫማውን አፍንጫ ዳሰሱ። አልጋው ሥር አንድ ፌስታል አገኙ። ውስጡ ወፍራም ጓንት፣ የተጠራቀሙ ባዶ ጣሳዎች፣ እጀታው ጥቁር የሆነ አዲስ ቢላዋ ነበሩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ቢላዋው ለመቁረጥ ነው። ጓንቱ አሻራ እንዳይገኝ ነው። ጣሳዎቹ ለምን እንደሆኑ ቢያስቡ ቢያስቡ አልመጣላቸውም፤ ቢመጣላቸው ኖሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይናቸው ባልዞረ። ቢላዋውን ወስደው ከፍራሻቸው ሥር ሸጎጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሳለ፣ ምራት አልጋ ሥር ተንበርክካ ስትፈልግ ቆየችና ሳሎን ብቅ አለች።

«እማማ፣ አንድ ቢላዋ አላዩልኝም? እጀታው ጥቁር ነው።»

«ማንን ልትቆርጪበት?»

«ረጅሟን ነዋ!» አለች ምራት ፈገግ ብላ።

እማማ ብድግ አሉ። «እኮ ቁረጪኛ! ይኸው ቆሜልሻለሁ! ፎቅሽ ላይ ከነፀሐይሽ ውጪ፤ እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ ከሥሬ ስትነቅይኝ ዝም ብዬ አላይሽም!»

ምራት ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ቀስ እያለ ገባት። ሳቋ መጣና የእማማን የሚንቀጠቀጥ አገጭ ስታይ ጠፋ። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣቻቸው።

«በሞትኩት! ረጅሟ ይቺ ናት፣ እማማ። ስም አጥተንላት ነው እንዲህ የምንላት። መላ አካሏን ከነቀልናት ትሞታለች፤ ስለዚህ ከሥሯ ቁራጭ ቁራጭ ወስጄ በጣሳ ላበቅላት ነው። ምናልባት ብንሄድ እንኳ ዘሯ እንዳይጠፋብኝ።»

«እሷ ስትይ ሰምቼሻለሁ» አሉ እማማ። በአንድ ዳሰሳ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«እማማ!» ምራት አሁን ከልቧ ተቀየመች። «እርስዎን? እኔ እርስዎን መቼ 'እሷ' ብዬ አውቃለሁ? ነገ ብንጣላ እንኳ 'እሳቸው ሰደቡኝ' ነው የምለው!»

ይህኛው እማማን ረታቸው፤ እውነት ነዋ። ስንት ጊዜ ከግድግዳ ማዶ ጆሯቸውን ለጥፈው አድምጠዋታል፤ ሁልጊዜ የሚሰሙት «እሳቸው በሉ?» «እሳቸው ቀዝቅዟቸው ይሆን?» ስትል ነው። አበባውን ቀና ብለው አዩት። ቁመቱ እውነትም ከእሳቸው ቁመት እኩል ነበር። ሊስቁ ሲሉ ግን አንድ ያልተፈተሸ ነገር ቀረባቸው።

«አራተኛ ፎቁስ?»

ምራት ፊቷን ወደ አበባው አዞረች። ትከሻዋም ደረቀ። እማማ ያን ድርቀት ያውቁታል፤ የፈታሽ እጅ የተደበቀው ነገር ጋ ሊደርስ ሲል ሴት ሁሉ እንዲያ ትደርቃለች። ይቺኛዋ ግን የደበቀችው የራሷን ነገር አይመስልም ነበር።

«እሱ ይንገርዎት» አለች፣ ዓይኗን ከአገዳው ሳታነሳ። «ንገራቸው ብዬ ለምኜዋለሁ። በእሱ ፈንታ እኔ አልናገርም።»

እሱ? እማማ ልጃቸውን ጠርጥረው አያውቁም። ፋብሪካው ውስጥ ወንዶቹ የሚወጡት በሌላ በር ነበር፤ የሚፈትሻቸውም ሌላ ሰው። ያን ሁሉ ዘመን ሴት ሲዳስሱ ኖረው፣ ወንድ ነገር የሚደብቀው የቱ ጋ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።

ልጃቸው የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሙበት።

«እጅህን አንሳ።»

«ምን ሆነሻል፣ እማ?»

«አንሳ ብዬሃለሁ።»

አነሳ። ልጅ ሆኖ ሹራብ ሲያወልቁለት እንደሚያነሳው አድርጎ ነው ያነሳው፤ ይህ እማማን አንገበገባቸው። መዳፋቸው ግን አልተሳሳተም። ደረቱን፣ ጎኑን፣ ከዚያ የጃኬቱን የውስጥ ኪስ ነኩ። ገና ያልተቧጨሩ፣ የሚያብረቀርቁ ቁልፎች ወጡ። በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ናቸው።

«አንዱ ያንተ ነው» አሉ። «አንዱ የሚስትህ። የኔስ?»

«እማ፣ ደረጃው ይከብድሻል ብዬ እኮ ነው። ለጊዜው አክስቴ ዘንድ ብትሆኚ… እኛ እስክንደላደል…»

«ፎቁ ሊፍት የለውም?»

«አለው» አለ። «አይሠራም።»

«የሊፍት ጠጋኝ እናት ሊፍት ተበላሽቶባት ከልጇ ቤት ቀረች በለኛ።»

እጁ እስካሁን እንደተነሳ ነው። እማማ ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ መለሱለት፤ የራሱ ናቸውና። አልጮሁም፣ አልረገሙም። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ከበሩ ገለል ሲሉለት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እማማ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው እንባ ስለሞላ አልታያቸውም ነበር። የሚያምኑት አንድ ሰው ነበራቸው፤ እሱም ዛሬ ጠዋት ወጣ። ምራት ከጓሮው መጥታ ከእግራቸው አጠገብ ቁጭ አለች።

«እሳቸው ካልሄዱ አልሄድም ብዬዋለሁ፤ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው» አለች። «ሊፍቱን ይጠግንና ሦስተኛ ቁልፍ ያስቀርጽ። እስከዚያ እኔም እዚሁ ነኝ።»

ይህን ብላ አፈር በነካው እጇ እጃቸውን ያዘች። የእማማ ልብ ወዲያው «ይቺ ደግሞ ከኔ የምትፈልገው ምን ይሆን?» አለ። በዚህ ሰዓት እንኳ እንዲህ በማሰባቸው አፈሩ፤ ሐሳቡ ግን አፈሩ ብሎ አልሄደላቸውም። አመኗት ብል እዋሻለሁ። እጃቸውን ግን አልነጠቋትም።