ሰፈሩን ዝም ያሰኙት እትዬ ፀጥታ

ልጄን ጡሩንባ ያልኳት እኔው እናቷ ነኝ። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የእሷ ድምፅ ቀድሞ ይሰማል፤ ስትስቅም፣ ስትጣላም፣ ኳስ አቀብሉኝ ስትልም ያው ነው። ስለዚህ በልጆች ጩኸት የተማረረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። እኔም መልሴን አዘጋጅቼ ነው የምከፍተው።

እትዬ ፀጥታ ግን ለአቤቱታ መጥተው አያውቁም ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። መስኮታቸው የሚከፈተው ልጆቹ ኳስ በሚጫወቱበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ጫጫታው ሲበዛ ብቅ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና ይመለሳሉ። ሲቆጡ የሰማ የለም። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ስለኖሩ ይመስለኛል አፍ ከፍቶ መናገር ያልለመደባቸው።

ባለቤታቸው ጋሼ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሁሉ ቤቱ ሲደርስ "ወራጅ አለ!" ብሎ እየጮኸ ይወርድላቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ አፋቸው ጠመም፣ ምላሳቸው ከበድ ብሎ ነበር። ሐኪሙ በደንብ ይብሉ፣ በደንብ ይረፉ አለ።

እትዬ ፀጥታ ይረፉ የምትለዋን ቃል ይዘው ተነሡ። የስፌት መኪናቸውን ከመኝታ ቤት አውጥተው ጓዳ ከተቱት። የበሩን ማጠፊያ ዘይት አጠጡት። ከዚያ ልጆቹን ዝም አሰኙልኝ እያሉ በየቤቱ ዞሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ "እንግዲያው አፏን በመርፌዎ ይስፉልኝ" ልላቸው ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እሳቸው የሻርፓቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ "የኔ ልጅ፣ እንዳይሞትብኝ ነው" አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ሁላችንም ልጆቻችንን ተቆጥተን ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ባዶ ሜዳ ሰደድናቸው።

መንገዱ ጭር አለ። ጋሼ ግን ባሰባቸው።

ሾርባ ይዤ ልጠይቃቸው የሄድኩ ለት ጡሩንባን የምተውበት አጥቼ፣ ትንፍሽ ብትይ ወዮልሽ ብዬ አስከተልኳት። እትዬ ፀጥታ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ማንኪያ ሲያቀርቡላቸው ጋሼ ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። እንቅልፍ የሚባል የለም። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ግርጌ ካለው የቁም ሣጥን መስተዋት ላይ ተተክሎ ይውላል። እትዬ ፀጥታ ጋሼ የጠመመ አፋቸውን እያዩ የሚያዝኑ መስሏቸው፣ መስተዋቱን በአንሶላ ሸፍነውታል፤ ለዚያውም ልኩን ወስደው፣ ዙሪያውን ቀምቅመው፣ ጥግ ጥጉን በክር አስረው።

"አሁን ደግሞ አንሶላውን ያያል" አሉኝ። "ሰፈሩን ሁሉ ዝም አሰኘሁለት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት?"

ጡሩንባዬ እስከዚያ መቻሏም ተአምር ነው። "እማዬ፣ መስተዋታቸውን ለምን ሸፈኑባቸው?" አለች፣ ሹክሹክታ ካሉት ጣራ በሚነቅል ሹክሹክታ። ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ አልመለሳትም። "አውቶቡስ ውስጥ በመስተዋት ነበር የሚያዩን። ስንጮህ ምንም አይሉንም። ዝም ስንል ነው መኪናውን የሚያቆሙት።"

እትዬ ፀጥታ ወደ ተሸፈነው መስተዋት ዞሩ። ነገሩን ያውቁታል፤ ራት ላይ ስንት ጊዜ ተሳስቀውበታል። ልጅ ሲንጫጫ ሰላም ነው፤ ድንገት ጸጥ ካለ ወይ አንዱ ታሟል ወይ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ይሉ ነበር ጋሼ። እትዬ ፀጥታ መቀሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ክሩን በጠሱት። አንሶላው ሲወድቅ፣ ከጋሼ ራስጌ ያለው መስኮትና ባዶው መንገድ መስተዋቱ ውስጥ ታዩ። ጋሼ መንገዱን ከዳር እዳር በዓይናቸው አሰሱት። ከዚያ ያን የከበደ ምላሳቸውን እየጎተቱ፣

"የት... አወረድኳቸው?" አሉ።

እኔ ጎንበስ ብዬ አንሶላውን ከወለሉ ማንሳት ጀመርኩ። እትዬ ፀጥታ ግን መቀሳቸውን እንደያዙ ወጥተው አስፋልቱን ተሻገሩ፤ እኔና ጡሩንባ ከኋላ ከኋላ። ልጆቹ ሲያይዋቸው እዚህም ሊያባርሯቸው የመጡ መስሏቸው ኳሱን ጥለው ተበተኑ። እትዬ ፀጥታ ያን ጊዜ ጮኹ። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ድምፅ ነበር፤ ጡሩንባዬ እንኳ ጆሮዋን ያዘች።

"ኑ፣ ልጆቼ! ጋሼ ጠፋችሁበት!"

ኳሱ እንደ ድሮው የመኝታ ቤቱን ግድግዳ መደብደብ ጀመረ። ጋሼ በመስተዋቱ እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እየቆጠሩ ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ደህናው ቀኝ እግራቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተጫነ። እትዬ ፀጥታ የቀዘቀዘውን ሾርባ በማንኪያ አቀረቡላቸው። አፋቸውን ከፈቱ።

አሁን ጋሼ በምርኩዝ እስከ መስኮቱ ይደርሳሉ፤ የስፌት መኪናውም ወደ ቦታው ተመልሷል። ምሽት ላይ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲጠሩ ማንም ዝም ብሎ አይገባም። አንድ ባንድ በመስኮቱ ሥር እያለፉ "ጋሼ፣ ወራጅ አለ!" ይላሉ። የመጨረሻዋ ሁልጊዜ የእኔዋ ናት። እሷን ሳያወርዱ ጋሼ ጎናቸውን አያሳርፉም።

ባለፈው ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ ቀኑን ተኝታ ዋለች። ልክ ሊጨልም ሲል በሬ ተንኳኳ። ከልማዴ መልሴን አዘጋጅቼ ከፈትኩ። እትዬ ፀጥታ ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ ጡሩንባ አልወረደችም እኮ" አሉኝ። "ቁጭ ብሎ እየጠበቃት ነው።"

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አዘልኳትና መስኮቱ ሥር ሄደን ቆምን። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። በእሷ ፋንታ እኔ ጮኽኩላቸው።