የዘንገና ንጹሕ ጠዋት

ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ሚኒባሱ ተነሣ። ረዳቱ መሣሪያውን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ በዓይኔ መለስኩት። ለመመረቂያ ጽሑፌ የተዋስኩት ነው፤ ቅዳሜ መመለስ አለበት። በአየር ውስጥ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ኢምንት ቅንጣቶችን፣ አየኖችን፣ ይቆጥራል። ጠዋት፣ አየሩ ንጹሕ ከሆነ፣ በነሱ እገዛ አዳዲስ ብናኞች ይወለዳሉ፤ ሲያድጉ የደመና ዘር ይሆናሉ። መጻሕፍቱ የሚያወሩት ስለ ባሕር ጠረፍ ነው። እኛ ባሕር የለንም፤ ስለዚህ ወደ ሐይቅ እሄዳለሁ።

ባለፈው ጉዞዬ ሁለት ጠዋት ለክቼ ሁለቱንም የከሰል ጢስ በላብኝ። አሁን የቀረኝ የነገው ጠዋት ብቻ ነው።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ዳንግላ

ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ፣ አምስት ብር። ከዚህ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው እያከሰለ የሚሸጠው ዛፍ።

ከሰዓት 8፣ ዘንገና

ከቆሰበር ከተማ በባጃጅ መጣሁ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ከዳሩ ከፍ ብሎ አራት ሰዎች የእንጨት ክምር በገለባና በአፈር ይመርጋሉ። ባለቤቱ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«መቼ ነው የሚለኩሱት?»

«ነገ ማለዳ ነዋ! ነፋስ ሳይነሣ። ነፋስ ከገባበት ከሰሉ አመድ ይሆናል።»

ክው አልኩ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አየር ልትለኪ? በምን ቁና?» ብለው ሳቁ። ሳቄ ግን አልመጣ አለ፤ ዕንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም ወደ ሰዎቹ ዞሩ። በወንፈል፣ ተራ በተራ ሊተጋገዙ፣ የመጡ ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ነገም የአያ ፈንቴ ተራ ነው። በአገውኛ ረጅም ተነጋገሩ። አንደኛው አካፋውን መሬት ላይ ወረወረ።

«እስከ ቀትር እንቆይልሻለን፤» አሉኝ አያ ፈንቴ። «ነፋሱን እግዜር ያውቃል።»

ዓርብ ጠዋት

ክምሩ አልተለኮሰም። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እኔ የመሣሪያውን መስኮት አያለሁ፣ እነሱ እኔን። አራት ሰዓት ሲሆን ኤሌክትሪክ ያዘሉት የአዳዲሶቹ ብናኞች ቁጥር ማደግ ጀመረ፤ አደገ፣ አሁንም አደገ። አያ ፈንቴን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ይሄ ሁሉ አሁን የተወለደ ነው?»

«አዎ፣ አያ። እዚሁ፣ አሁን።»

«እንግዲህ ያሳድገው፤» አሉና ወደ ሰማይ አዩ።

በቀትር ለኮሱት። ብዙም ሳይቆይ የፈሩት ነፋስ ተነሣ። ክምሩ በጀርባው ተሰነጠቀ፣ እሳቱ ምላሱን አወጣ። መሣሪያዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ ዛፍ ሥር አኖርኩና አካፋ አነሣሁ። አፈር ስንዝቅ፣ ስንደፍን ዋልን። ትናንት አካፋ የወረወረው ሰውዬ «በርቺ! በዚያ በኩል!» እያለ ያዝዘኛል። ወደ አመሻሹ ነፋሱ ሲተኛ ከጥጉ ትንሽ አመድ ሆኖ ሌላው ተርፏል።

ቅዳሜ፣ ባሕር ዳር

መሣሪያውን መለስኩ። አማካሪዬ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ንጹሕ ጠዋት አገኘሽ?» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም የከሰሉ ጥቁረት ያልለቀቀውን እጄን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ።

«አገኘሁ፤» አልኳቸው።