ገበያ የወጣው የጋሼ መጽሐፍ

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ያኔም ራቤል ካለው ወንዱ ልጄ ዘንድ ከርሜ፣ ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ወደሆነችው ሴቷ ልጄ ተሻገርኩ። ስልክ በየሰዉ ኪስ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር።

ልጄ ለተማሪዎቿ ሁሉ የነበራት አንድ መጽሐፍ ነው። የጻፉት እሷን ራሷን በልጅነቷ ያስተማሯት ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው፣ ሽማግሌ ቤት ለቤት እየጠየቁ የአገሩን ታሪክ ሰብስበው አሳተሙት። እሷ ታዲያ ገጽ ገጹን በስልክ አንስታ ሚሞሪ ላይ ጫነችው። ሚሞሪውን ለአንዱ ልጅ ስታውስ፣ የተገዛው አንድ ነውና ሁለት ሰው በአንዴ እንዳያነበው ብላ፣ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ሲመለስላት ለሌላው።

አንድ ጠዋት ቁርስ ቀርበን ሳለ ጋሼ ዘው አሉ።

«በሕግ አምላክ! ከዚያ እንዳትነቃነቂ!»

በእኛ አገር እንዲህ የተባለ ሰው፣ ንጹሕም ቢሆን፣ ባለበት ይቆማል። ልጄ ጉርሻዋን እንደያዘች ቆመች።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ቀየት ገበያ በግ ስመርጥ አንዱ ጎረምሳ ‹አባባ፣ ጥሩ መጽሐፍ ልላክልዎት› አይለኝም! የገዛ መጽሐፌን! ለእኔው! በብሉቱዝ!»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ደነገጥኩ።

«እኔ ተራ በተራ ነው የማውሰው» አለች ልጄ፣ ወደ ሳጥኑ እያመለከተች። «ወረቀቱ ይኸው፣ እንደተቆለፈበት ነው።»

«አንቺ አንድ አዋስሽ፣ እነሱ እየገለበጡ አረቡት! እከስሻለሁ። ከማስተማሩም ትወጪያለሽ።»

ልጆቿን የምታሳድገው በዚያችው ሥራ ነው።

«ተዉ ጌታዬ» አልኳቸው። «ከጎረቤት እሳት ቢጫር ምድጃው ይጎድልበታል?»

«እሳቱስ አይጎድልም፣ እሜቴ። ኩበቱን የለቀምኩት ግን እኔ ነኝ።»

ልጄ ሚሞሪውን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ገበያ የተበተነውንስ ማን ይሰብስብልኝ? በገበያው ቀን አብረሽኝ ወጥተሽ ባለቤት እንዳለው በአፍሽ ትናገሪያለሽ። ያኔ ክሱን እተወዋለሁ።»

የገበያው ቀን ደርሶ ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። ልጄ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ፣ ስልክ የያዘውን ሁሉ እያስቆመች ትናገራለች። አንድ የበግ ነጋዴ ሳቀባት።

«ጽሑፍም እንደ በግ ጌታ አለው? እኔ ባነበው እሳቸው ምን ጎደለባቸው?»

ጋሼ ቀደሟት። «ና ቤቴ እንሂድ፤ ያልተሸጠው መጽሐፍ ክምር ላይ አስቀምጥሃለሁ።»

ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። መጽሐፉን ያጥፋው አያጥፋው እንጃ። ልጄ ቀና ብላ ጋሼን አየቻቸው፣ ይበቃል ይሉ እንደሆን።

«ቀጥይ» አሏት።