ዳማከሴው ምች ሲመታው

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ክንዴ ዳማከሴውን ነካው፤ ሽታው እጅጌዬ ላይ ቀረ። የካዛንቺሱ ግቢያችን ሽታ ነው።

ሰፈራችን ሊፈርስ ነው በተባለበት በጋ እናቴን ከቤቱ እኩል ያሳሰባት ይሄው ተክል ነበር። ምች የመታው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ቅጠል የሚቀጥፈው ከእኛ ደጅ ነው። እሱን ሳልይዝ አልሄድም አለች። ዳማከሴው ግን ቀትር ላይ ይጠወልግና ማታ መልሶ ቀና ይል ጀመር። እናቴ ምች መቶት ነው ብላ ደመደመች። የሰፈሩን ምች የሚያድነው ራሱ ሲታመም መድኃኒቱ ጠፋት፤ በቃ፣ ቀን ቀን ነጠላዋን ታለብሰው ጀመር። እኔ ሳቅሁባት።

አስረኛ ክፍል የነበረችው እህቴ አልሳቀችም። ቅርንጫፎች ቆርጣ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ውስጥ ከተተች፤ ውሃው በራሱ እንዳይተን ላዩ ላይ ዘይት ጠብ አደረገችበት። አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ነፋስ የሚገባበት በር አጠገብ፣ አንዱን አልጋ ሥር አኖረች። ማታ እናቴን ጠርታ አሳየቻት። የአልጋ ሥሩ ውሃ ብዙም አልተነካም፤ የሌሎቹ ጎድሏል።

"ውሃውን የሚያስወጣው ቅጠሉ ነው፣ እማዬ። ፀሐይና ነፋስ ሲበረታበት ሥሩ ቶሎ ውሃ አያደርስለትም። ስንነቅለው ደግሞ ሥሩ ይጎዳል። ቅጠሉን ካላራገፍሽለት አዲሱ ቤት ሄዶ ይደርቃል።"

"እርቃኑን ላስቀረው ነው እንዴ?" አለች እናቴ። ነጠላው ጥላ ሆኖ እንደጠቀመው እህቴ ስትነግራት ግን ደስ አላት።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቅዳሜ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ባለሱቁ መጣ፤ ከእሷ ጋር ተኳርፈው የከረሙት ጎረቤታችን እንኳን መጡ። ለማን የት ቤት እንደደረሰው እየተጠያየቁ ቀጠፉ። ሲጨርሱ እንጨቱ ብቻ ቀረ። ነቅላ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከለችው፤ ነፋስ እንዳይመታው ብላም የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ አቅፋው ሄደች።

ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከነፋስ በተከለለች ጥግ ዳማከሴው አቆጠቆጠ። በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ "ቅጠል የፈለገ ይሆናል" እያለች ትነሳ ነበር። ለቅጠል ብሎ የመጣ ግን አልነበረም።

አሁን እሷም የለችም። ዳማከሴው የሚቀጥፈው አጥቶ በቅጠል ተጨናንቋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዞራ ስታገኘው ይጠወልጋል፤ እኔም የእሷን ነጠላ አለብሰዋለሁ።